ከየኔታ አጎዛ ሥር የደፈንኩት መተንፈሻ

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ወደ ክፍል ልንበተን ስንል የአማርኛ መምህራችን ከሰልፉ መሐል በጣታቸው ጠሩኝ። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ሄድኩ። እሳቸው ግን ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ጽሑፌን አወጡና፣ «ተመርጧል። በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥተሽ አንቺው ታነቢዋለሽ» አሉኝ።

«እኔ?»

«ታዲያ የጻፈው ሌላ ሰው ነው እንዴ?» አሉና ሳቁ።

የዚያን ቀን ምን እንደተማርን አትጠይቁኝ። እስከ ዓምና ድረስ ድርሰት ጻፉ ሲባል ከሦስት መስመር የማላልፍ ልጅ ነበርኩ። አሁን መድረክ፣ ማይክራፎን፣ ፊት ለፊት የተደረደሩ ወላጆች! ከትምህርት ቤት ወደ ሰፈራችን ፀዳ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል ሾፌሩ በመስተዋት አየኝና፣ «ምነው እህቴ፣ ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?» አለኝ። «ከሎተሪ ይበልጣል!» አልኩት። «እንግዲያስ መልሱን አልሰጥሽም» ብሎ አሳቀኝ። መልሴን ግን ሰጠኝ።

ደስታዬ የቆየው እስከ ቤታችን በር ነው። በሩ ላይ የአባዬ ማኪና ቆማለች። አየኋትና ቆምኩ። የጻፍኩት ስለ እሷ ነው። ጽሑፉ ውስጥ አባዬ የማያውቀው፣ ከመምህሬ በቀር ማንም የማያውቀው ነገር አለ። አባዬ በወላጆች ቀን ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ነው የሚቀመጠው። ያን ጉድ በማይክራፎን፣ በሰው ፊት ሊሰማው ነው ማለት ነው።

የተመረጠው ጽሑፍ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። መጨረሻው ብቻ ከሰኞ በኋላ የጨመርኩት ነው።

አባዬ ኮንትራት ታክሲ ይሠራል። ማኪናዋ ሃይብሪድ ናት፤ በቤንዚንም በባትሪም ትሄዳለች። መጀመሪያ ያመጣት ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ተዘባብቶበታል። «መብራት ሲጠፋ ምን ልትሆን ነው?» «ከሞባይልህ ጋራ ተራ እየጠበቀች ልትሰካ ነው?» ይሉታል። አባዬ ግን ማስረዳት አይሰለቸውም። የትም አትሰካም፤ ራሷን በራሷ ነው የምትሞላ። ፍሬን ሲያዝ፣ ቁልቁለት ሲወረድ፣ ሌላ ማኪና እንዲሁ የሚያባክነውን ጉልበት እሷ ይዛ ወደ ባትሪዋ ትመልሳለች። ዳገት ሲመጣ ደግሞ ባትሪው ሞተሩን ያግዘዋል። ሞተሩ ብቻውን አይለፋምና ቤንዚን ይተርፋል። «ቁልቁለቱ ያበደረንን ለዳገቱ እንከፍላለን» ይላል አባዬ፤ ይህን ሲል የፈጠራት እሱ ይመስል ደረቱን ነፋ ያደርጋል።

ዳሽቦርዷ ላይ ባትሪው ምን ያህል እንደሞላ የሚያሳይ ትንሽ ሥዕል አለ። ፊት ወንበር ላይ ስቀመጥ ሥራዬ እሱን ማየት ነበር። «አባዬ ሞላ!» «አባዬ ጎደለ!» እላለሁ። ከአራዳ ወደ አዘዞ ስንወርድ ሥዕሉ እየሞላ ሲሄድ ደስ ይለኛል፤ የቤታችን እንስራ ሲሞላ የማይ ይመስለኛል።

ከሁሉ የምትኮራው ግን ማደያ ሰልፍ ላይ ነበር። ጎንደር ቤንዚን እንደልብ በማይገኝበት ሰሞን ሰልፉ ቀን ሙሉ ይውላል። ሌላው ሰው አንድ እርምጃ ለመጠጋት ሞተር ያስነሳል፤ ያጠፋል፤ ቤንዚን ፍለጋ ተሰልፎ ያለችውን ቤንዚን ይጨርሳል። የእኛዋ በባትሪዋ ብቻ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ እንደ ድመት ጠጋ ትላለች። የሌላው ማኪና በሦስት ቀን የሚጨርሰውን እኛ ሳምንት እንከርምበታለን። እንጀራችን የተንጠለጠለው በዚያ ባትሪ ላይ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ይህን ባትሪ የሚያውቅልን አንድ ሰው ነው። አዘዞ መንገድ ላይ ጋራዥ ያለው፣ እኔ ጋሼ የምለው የአባዬ ጓደኛ። ሁለቱ የተዋወቁት በልጅነታቸው፣ ከዳባት ወዲያ ባለ አንድ ገጠር ደብር፣ አብረው ዜማ ሲማሩ ነው። አስተማሪያቸው የእናቴ አባት ነበሩ። አያቴ ናቸው፤ ነገር ግን እኔም ሳልቀር ሁሉም ሰው «የኔታ» ነው የሚላቸው። ጋሼ አባዬን ባየው ቁጥር የሚያነሳው ይህንኑ ነው።

«እኔ እንኳ ዜማው አልገባ ብሎኝ ነው የወጣሁት። አንተ ግን ዜማውን ትተህ የመምህርህን ልጅ ይዘህ ወጣህ!»

«አንተስ ብትሆን» ይላል አባዬ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም እያልክ ስትለምን ድምፅህ ከማስቀየሙ የተነሳ ሰው ቁራሽ የሚሰጥህ ዝም እንድትል ነበር።»

እንዲህ ይባባሉና ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን እንደዚህ ሲሳሳቁ ጋሼ የኋላውን በር ከፈተና ጠራኝ። «ነይ ላሳይሽ። ይህ ባትሪ እንደ ሰው ነው፤ ሙቀት አይወድም። ሲሞቀው በዚህ በኩል አየር ይስባል» አለኝ። ከኋላ ወንበር ጎን፣ በሩ አጠገብ፣ ወንፊት የመሰለች ክፍተት አለች። እኔ ስልኬን እየነካካሁ «እሺ ጋሼ» አልኩት። ጆሮዬ ሰምቶታል። እኔ አልሰማሁትም።

ጥቅምት ላይ የኔታን ወገባቸውን አመማቸውና ከገጠር አምጥተን እኛ ዘንድ አስቀመጥናቸው። አባዬ ወደ ሐኪም ሲያመላልሳቸው እኔ ከኋላ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር። የኔታ ደግሞ የሚፈሩት ነፋስ ነው። እግዚአብሔርን፣ ቀጥሎ ነፋስን። መስኮት በጣት ስፋት ከተከፈተ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስቡታል። በእርግጥ በእኛ አገር ማን አይፈራ? አውቶቡስ ውስጥ ስልሳ ሰው ታፍኖ ላብ በላብ ሆኖ አንዱ መስኮት ሊከፍት ሲል ሁሉም «ዝጋው! ነፋስ ልታስመታን ነው?» ነው የሚለው።

አንድ ቀን ከሐኪም ስንመለስ የኔታ በቀስታ ክንዴን ነካ አደረጉ።

«ልጄ፣ ከጎኔ በኩል አንድ ነገር ሽው ይላል። ነፋስ ይገባል መሰለኝ። ለወገቤ ሸጋ አይደለም።»

ጎንበስ ብዬ ብሰማ እውነትም ከዚያች ወንፊት ከመሰለችው ክፍተት ድምፅ ይሰማል። ነፋስ እንደማይወጣባት፣ እንዲያውም አየር ወደ ውስጥ እንደምትስብ የገባኝ በኋላ ነው። የዚያን ቀን ያየሁት የየኔታን ወገብ ብቻ ነበር። ቤት እንደደረስን ያረጀ ነጠላዬን ቀድጄ ክፍተቷን ጥቅጥቅ አድርጌ ደፈንኳት። ከላዩ የየኔታን አጎዛ፣ ያን ከገጠር ይዘውት የመጡትን ነጭ የበግ ቆዳ፣ ከወንበሩ እስከ በሩ ድረስ አነጠፍኩበት። በማግስቱ ሲቀመጡ ዳሰስ አደረጉና፣ «አሁን ሞቀኝ። ተባረኪ፤ እንደዚህ ያሞቅሽኝ አምላክ ዘመንሽን ያሙቀው» አሉኝ።

ምርቃቱን ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ምርቃት በላይ የሚከብደኝ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ማኪናዋ ተለወጠች። የዳሽቦርዱ ሥዕል እንደ ድሮው አይሞላም፤ ቢሞላም ባትሪው ዳገት ላይ አያግዝም። ሰልፍ ላይ ቆማ ሞተሯ በራሱ ጊዜ ይነሳል። አባዬ «ይቺ ልጅ መጠጣት ጀመረች» እያለ ይተክዛል። ሳምንት ታከርመን የነበረችው ቤንዚን አራት ቀን አልቆይ አለች። ጋሼ ዘንድ ወሰድናት። ጋሼ የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ በመሣሪያው ባትሪውን አንድ ባንድ ለካ። ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር ዞረ፤ አጎዛውን አየና ቆመ።

«ይህ የየኔታ ነው?»

«የየኔታ ነው» አለ አባዬ።

ጋሼ ቅባት የነካ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ልጅ ሳለ በዚያ አጎዛ ፊት እየተንበረከከ ነው ዜማ የተማረው። የመምህር አጎዛ ደግሞ ከመምህሩ በቀር ማንም አይቀመጥበትም፤ በቆሸሸ እጅ ማንሳትማ የማይታሰብ ነው። ጎንበስ ብሎ ሳይነካው ተሳለመውና በሩን ዘጋ። «ባትሪህ ጤነኛ ነው። ምናልባት ቤንዚኑ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ይሆናል። አታስብ» አለው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ያ የተቀደደ ነጠላ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ኅዳር ላይ የየኔታ ደብር ንግሥ ደረሰ። የኔታ ከዚያ ደብር ሲወጡ ለንግሡ እመለሳለሁ ብለው ነበር የወጡት። አሁን በእሳቸው ቦታ መሪጌታ የሆነው የድሮ ተማሪያቸው፣ «የኔታ ሳይመጡ ቦታቸው ላይ ማንም አይቆምም፤ ታቦቱ ሲወጣ ወረቡን አብረን እንላለን» ብሎ ልኮባቸው ነበር። ወረብ ማለት ካህናቱ በመቋሚያና በከበሮ እየተወዛወዙ የሚያሸበሽቡት ነው። የኔታ ከዚያ መልእክት ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም። «አንዲት ጊዜ ብቻ ልቁም፤ ከዚያ በኋላ ወገቤ ቢፈልግ ይቆረጥ» ይላሉ።

አባዬ ሁለት ቀን ተሰልፎ ትንሽ ቤንዚን አገኘ። ለአንድ ማኪና ከዚያ በላይ አይቀዳም ነበር። ሌላ ማኪና ቢሆን በዚያች ቤንዚን መንገዱን አይሞክረውም። እሱ ግን አሰበ፤ መሄጃው ዳገት ነው፣ መመለሻው ቁልቁለት። ጋሼም ባትሪው ጤነኛ ነው ብሏል። መንገዱም ሰላም ነው በተባለበት ሰሞን ነበር። በንጋት ተነሳን። የኔታ ከኋላ አጎዛቸው ላይ፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው። እናቴ ጠላና ዳቦ ጭና ከጎናቸው። እኔ ከፊት፣ ከሥዕሌ ጋራ።

ከጎንደር ወደ ኮሶዬ የሚወስደው ዳገት ሳያልቅ ባትሪው ጎደለ። ሞተሩ ብቻውን ያጓራል። የኔታ እንዳይበርዳቸው ብለን መስኮት ሁሉ ዘግተናል፤ አባዬ ማሞቂያውንም ከፍቶላቸዋል። ውስጧ እንደ ዳቦ ቤት ሞቋል። ቁልቁለት ስናገኝ ሥዕሉን አፍጥጬ አያለሁ፤ አይሞላም።

«አባዬ፣ አልሞላም።»

«ዝም ብለሽ እይው።»

«እያየሁት ነው እኮ።»

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ዳባት ስንደርስ የቤንዚኑ መለኪያ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ወርዷል። አባዬ በዳባት ያልጠየቀው ሰው የለም፤ ቤንዚን የለም። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ደብሩ የሚወስደውን የጠጠር ፒስታ መንገድ ስንይዝ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ። ማኪናዋ ጉልበት አጣች። አባዬ ቆመ። «ትንሽ ትቀዝቅዝ» አለ። ስትቀዘቅዝ አስነሳት። ጥቂት ሄደችና አንድ መታጠፊያ ላይ፣ ደብሩ ከገደሉ ማዶ በጽድና በወይራ ተከቦ ወለል ብሎ በሚታይበት ቦታ፣ ተንገጫገጨችና ጸጥ አለች። ቤንዚኑ አለቀ። ባትሪው ደግሞ እንኳን ሊገፋት የራሱ ሙቀት ይዞታል።

ታቦቱ ወጥቶ ነበር። የጃንጥላዎቹ ቀለም ከዚያ ማዶ ይታያል። ከበሮው ገደሉን አቋርጦ ይመጣል።

በቅሎ የሚጎትቱ አንድ ገበሬ ከታች መጡና የየኔታን ጥምጥም ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አያ፣ ምነው እዚህ ቆሙ? ታቦቱ ሊገባ ነው እኮ!»

«ማኪናዋ እምቢ አለች ልጄ።»

ገበሬው ማኪናዋን ዞረው አዩአት። «ምን ሆነች?»

«ባትሪዋ ሞቀ፣ ቤንዚኗም አለቀ» አለ አባዬ አንገቱን ደፍቶ።

«ወይ ጉድ! የኔዋ በቅሎ እንግዲህ ሞቀኝ ብላ ዳገት ላይ ቆማ አታውቅም። በሉ አያ፣ እሷ ላይ ልጫንዎት።»

እናቴ በቅሎዋን አይታ ለቅሶ መጣባት። ሐኪሙ በእንስሳ ጀርባ እንዳይቀመጡ ከልክሏቸዋል። የኔታ ግን መሞከራቸው አልቀረም፤ ገበሬውና አባዬ ደግፈው ሊያወጧቸው ሲሉ ወገባቸውን ይዘው «እህ» አሉ። እጃቸውን አነሱ። «ተዉኝ። እዚሁ ልቁም።»

መንገዱ ዳር ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ደብሩ አዙረው ቆሙ። ወረቡ ሲጀመር ሰሙት። መቋሚያቸውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ማዶ ሲያሸበሽቡ እሳቸውም ወዲህ፣ ከማዶው ድምፅ ትንሽ ዘግይተው፣ ብቻቸውን ያሸበሽባሉ። ድምፃቸው ከመንገዱ አያልፍም። አባዬ ከኋላቸው ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ሳይረሳው ኖሯል። ገበሬው በቅሎዋን ትተው በእጃቸው አጨበጨቡላቸው። እልልታው ቀለጠ፤ ከዚያ ራቀ፤ ታቦቱ ገባ። የየኔታ ቦታ ባዶውን ዋለ።

ከዳባት አንድ ሰው በሞተር ብስክሌት ትንሽ ቤንዚን በፕላስቲክ እስኪያመጣልን ድረስ የኔታ አጎዛቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ያጽናኑን እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«አትዘኑ። ሰምቼዋለሁ፤ በቅቶኛል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ደግሞ ያች ነፋስ ዛሬ ይህን ሁሉ መንገድ አንድ ጊዜ እንኳ አልነካችኝም። ተባረኪ ልጄ።»

ሁለተኛው ምርቃት ይህ ነው።

በማግስቱ አባዬ ቀጥ ብሎ ጋራዥ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ።

«ጤነኛ ነው አላልከኝም?»

«ጤነኛ ነው። ለክቼዋለሁ።»

«ጤነኛ ባትሪ የኔታን ገደል ማዶ ያስቀራቸዋል?»

«እኔ እንጃ። ግን ባትሪው—»

«ውሸታም! በደንብ ሳታያት ነው የለቀቅከኝ። ለመምህርህ እንኳ አታፍርም?»

ጋሼ የያዘውን ብሎን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አባዬ ማኪናዋን አስነስቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም።

በሦስተኛው ቀን ማኪናዋን እንዳጥብ ተነገረኝ። እኔ እጄ ንጹሕ ስለሆነ አጎዛውን የማንሳት መብት ነበረኝ። አነሳሁት። ከሥሩ ያ ነጠላዬ፣ አቧራ ጠጥቶ ቡናማ ሆኖ፣ ክፍተቷን እንደደፈነ ተቀምጧል። ያኔ የጋሼ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ተሰማኝ። «ሲሞቀው በዚህ በኩል አየር ይስባል።» ባልዲው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ወዲያው ሮጬ ብናገር ኖሮ ነገሩ የሦስት ቀን ጠብ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ ግን ጨርቁን መዝዤ አወጣሁት፤ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅሁት፤ አጎዛውን ከክፍተቷ አርቄ መልሼ አነጠፍኩት። የኔታ ነፋሱ ተመለሰ ሲሉኝ ጋቢያቸውን በጎናቸው ጠቀጠቅሁላቸው።

የሚያሳፍረው ገና ነው። በዚያው ሳምንት እናቴ ጸበል አምጥታ ማኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ ረጭታት ነበር። ማኪናዋም ዳነች! ሥዕሉ ሞላ፤ ሰልፍ ላይ እንደ ድሮዋ እንደ ድመት መጠጋት ጀመረች፤ ቤንዚኑ እንደገና ሳምንት ከረመ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። አባዬም «ሰው የማያውቀውን በሽታ ጸበል አወቀው» አለ፤ «ሰው» ሲል ጋሼን ነው። እኔ ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ። የእኔን ጥፋት በእግዚአብሔር ሥራ ሸፍኜ ዝም አልኩ።

መጋቢት ላይ የኔታ አረፉ። ደብራቸውን ከዚያ ገደል ማዶ ካዩት ወዲህ አላዩትም። ጋሼ ለቅሶ መጥቶ ከድንኳኑ ዳር፣ ከአባዬ ተቃራኒ በኩል ተቀመጠ። ሁለቱም አንድ መምህር ቀብረው፣ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ማልቀስ ሲገባቸው፣ ለየብቻቸው አለቀሱ። እኔ በመሐላቸው ውኃ አዞር ነበር። ለጋሼ ብርጭቆውን ስሰጠው፣ «እንዴት ነች ማኪናችሁ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ደኅና ነች» አልኩት። «ጎሽ» አለ። እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ብርጭቆውን ተቀብዬ አለፍኩ።

የተመረጠው ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃል። እንግዲህ ሰኞ ከሰዓት፣ በራፋችን ላይ ቆሜ ነው የተውኳችሁ።

አባዬ የማኪናዋን መስተዋት እየወለወለ ነበር። «ምነው ፊትሽ በራ?» አለኝ። «ጽሑፌ ተመረጠ» አልኩት። ብድግ አድርጎ አሽከረከረኝ፤ እናቴን ጠራት፤ ለጎረቤት ሊነግር ሲል እጁን ያዝኩት። «መጀመሪያ አንተ ስማው።» ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ እሱ መሪው ጋ፣ እኔ ሥዕሉ ጋ። አነበብኩለት።

ስጨርስ ወደ ኋላ ወንበር ዞሮ፣ የኔታ ካረፉም በኋላ ያላነሳነውን አጎዛ አየ።

«ጨርቁ አለ?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። አሸተተው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ።»

«እኔን?»

«አይ። የኔታን እዚያ ገደል ማዶ ያስቀረኋቸው እኔ መሆኔን።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጨርቁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እያስተካከለ፣ «እኔም እኮ ያን አጎዛ አንድ ቀን አላነሳሁትም። ጓደኛዬን ውሸታም ከማለት አጎዛ ማንሳት ይቀል ነበር» አለ። ከዚያ ማኪናዋን አስነሳት። ድምፅ የላትም፤ በባትሪዋ ነው የተንቀሳቀሰችው።

ጋራዥ ስንደርስ ጋሼ ከአንድ ማኪና ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባዬ።

«እኔ ማለት ማን?»

«ያ የመምህሩን ልጅ ይዞ የወጣው።»

እግሮቹ መንቀሳቀሳቸውን አቆሙ። ጋሼ ከማኪናው ሥር ለመውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀ። ሲወጣ ፊቱ አይስቅም። አባዬ ጨርቁን ሰጠውና፣ «ባትሪው ጤነኛ ነበር። አንተም እውነተኛ ነበርክ» አለው። እኔም ሁሉንም እዚያው ቆሜ ነገርኩት። ጋሼ ጨርቁን ገልብጦ ገልብጦ አየ።

«ያን ቀን ባትሪውን ስለካ፣ አየር የምትስብለት ፋን ስትጮኽ ሰምቼ ነበር። አጎዛውን ላንሳ ብዬ እጄን አየሁት፤ ቅባት ነው። ታጥቤ ማንሳት ስችል ተውኩት።» ወደ አባዬ ዞረ። «ይቅርታውን ተቀብዬአለሁ። ግን የየኔታን ድንኳን ሁለት ቦታ ከፍለን መቀመጣችንን ምን እናድርገው?»

ለሚመጣው ኅዳር ሁለቱ አብረው የየኔታን መቋሚያ ይዘው ወደ ደብሩ ሊወጡ ተነጋግረዋል፤ እኔም አለሁበት። የኔታ ግን አይኖሩም። ይህን ምንም ባትሪ አይመልሰውም።

ልንወጣ ስንል ጋሼ ጠራኝ። «መድረክ ላይ ታነቢዋለሽ አይደል? እንግዲያስ ከእኔም ጨምሪበት። በከተማው ሃይብሪድ በዝቷል፤ ሰውም ሁሉ የኋላ ወንበሩን በአጎዛና በምንጣፍ መሸፈን ይወዳል።»

ስለዚህ አደራውን ላድርስ። ሃይብሪድ ማኪና ያላችሁ፣ ወይም ማኪናዋ ያለምክንያት ቤንዚን መጠጣት የጀመረችባችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አዘዞ መንገድ ላይ ጋሼ ጋራዥ ኑ። መተንፈሻዋን በነጻ ጠርጎ ያሳያችኋል። እኔም እኖራለሁ። የወንበሩን ልብስ ግን እናንተው በእጃችሁ አንሱለት፤ የእሱ እጅ ቅባት ነው።